አለበል ያላጠበቃት ብሎን

በልጅነቴ የከተማው መብራት ድርግም ሲል ሰፈሩ ሁሉ እያማረረ ደስ የሚለኝ እኔ ብቻ ነበርሁ። ባሕር ዳር ላይ ግንቦት ሲገባ ከጣና በኩል ደመናው ይጠቁርና፣ ነጎድጓዱ ገና ሳይደርስ መብራቱ ይሄዳል። ያኔ አባቴ አለበል ከተቀመጠበት ይነሣና "እናትዓለም፣ ሥራ መጣልን" ይለኛል። እሱ ጓሮ ካለችው የቆርቆሮ ዳስ ገብቶ የጀነሬተሩን ገመድ ሲጎትት፣ እኔ በረንዳው ላይ ከተሰቀለው የብረት ሣጥን ሥር ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ያስልና ይነሣል። አባቴ እጁን በሱሪው እየጠረገ ይመጣል፤ ያቅፈኝና የሣጥኑን ቀይ እጀታ አብረን ወደ ታች እንስባለን። ቤታችን ቦግ ይላል። በሰፈራችን በሹም አቦ ጨለማ መሃል የሚበራው የእኛ ቤት ብቻ ነበር፤ ያን ያህል የኮራሁበት ነገር ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ጀነሬተሩ አባቴ ይሠራበት ከነበረ ፋብሪካ አርጅቷል ተብሎ የተወገደ ነው። አባቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበር አንድ ክረምት ሙሉ ፈታትቶ፣ ገጣጥሞ ነፍስ ዘራበት። ቤንዚን እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ በደርግ ዘመን ቀበሌው ጥቂት የሚፈቅድልን ስለ እናቴ ሲል ነው። እናቴ የሺመቤት መምህርት ነበረች፤ ማምሻውን ደግሞ በረንዳችን ላይ ለሰፈሩ ጎልማሶች መሠረተ ትምህርት ታስተምር ነበር። ሣጥኑን የሠራው አባቴ ራሱ ነው። እጀታው ወደ ላይ ሲገፋ ቤቱ የከተማውን መብራት ያገኛል፤ ወደ ታች ሲሳብ የጀነሬተሩን። መሃል ላይ ሲቆም ከሁለቱም የለም። ሁለቱ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም ይለኝ ነበር፤ ከተገናኙ የእኛ ጀነሬተር ኃይል በመንገዱ ሽቦ ሄዶ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚሠራውን ሰው ይገድለዋል። እኔም ምሰሶ ላይ ሰው ባየሁ ቁጥር እጀታው የት እንዳለ ለማየት ወደ ቤት እሮጥ ነበር።

ታዲያ ሣጥኑ አንድ ዐመል ነበረው። በከተማው መብራት ጨዋ ነው። እጀታው ወደ ታች ሲወርድ ግን የበረንዳው አምፖል ይንቀጠቀጣል፤ አንዴ ይፈዝዛል፣ አንዴ ዓይን እስኪያጠፋ ይቦገቦጋል። ጥቁር ሰሌዳው ፊት የተቀመጡት ጎልማሶች "አለበል፣ መብራትህ ጠላ ቤት ውሎ ነው የመጣው" እያሉ ያሾፉበታል። አባቴ ይስቃል፣ ይፈታዋል፣ ይነካካዋል። ለጥቂት ቀን ይሻለውና ደግሞ ይብስበታል።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ለሰሜኑ ጦር የጀነሬተር ጠጋኝ ተፈልጎ የአባቴ ስም ተጠራ። የሄደ ዕለት ሣጥኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ ስመለስ አስተካክለዋለሁ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው አለ። ይህን ያለው ለእናቴ ይሁን ለእኔ አላውቅም፤ ቃሉን የያዝሁት ግን እኔ ነኝ። አምፖሉ እስከተንቀጠቀጠ ድረስ አባቴ የግድ መምጣት አለበት ብዬ አመንሁ። ጀነሬተሩ በተነሣ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ሲንቀጠቀጥ ልቤ ያርፋል።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ሲቪል ልብስ ለብሶ የወታደር ጫማ ያደረገ፣ ግራ እግሩን የሚጎትት ረጅም ሰው ቆሟል። አንዳርጋቸው እባላለሁ አለ። ከአለበል ጋር ጀነሬተር እየጠገኑ አብረው እንደነበሩ፣ ቆስሎ ለሕክምና እንደመጣና ግሽ አባይ ሰፈር ዘመድ ቤት እንዳረፈ ተናገረ። እናቴ እጁን በሁለት እጇ ይዛ እየሳበች አስገባችው። ገና ሳይቀመጥ አለበል እንዴት ነው አለችው። ሰውዬው በመስኮቱ በኩል ሣጥኑን ማየት ጀመረ።

"ስለ መብራቱ ነግሮኝ ነበር" አለ። "አስቀድሜ እሱን ልይላችሁ።"

አያቴ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ጥግ ላይ መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠዋል። የእናቴ አባት ናቸው፤ በሐይቁ ዳር ባለ ደብር ያገለግሉ ነበር፣ አባቴ ከሄደ ወዲህም ከእኛ ጋ ይኖራሉ። ቀና ብለው ሰውዬውን አዩትና መጽሐፋቸውን አጠፉ።

አንዳርጋቸው እጀታውን መሃል ላይ አቆመ፣ ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣና ክዳኑን ፈታ። ከዚያ ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ሳይሞክር፣ ሳይለካ፣ እጁን ቀጥ አድርጎ ወደ ቀኝ ታች ሰደደና አንዲት ብሎን አጠበቀ። ጀነሬተሩ ተነሣ፣ እጀታው ወረደ፣ አምፖሉ ጸጥ ብሎ በራ። አባቴ ስንት ጊዜ ፈልጎ ያጣውን ጥፋት ይህ ሰው ባንድ ትንፋሽ አገኘው። ይህ ሰው ሣጥናችንን ከዚህ በፊት ከፍቶት ያውቃል፣ ያበላሸውም እሱ ነው ብዬ ደመደምሁ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም ጠላሁት።

እናቴ ሥጋ ወጥ አቀረበችለት። ሰውዬው ሳህኑን አይቶ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

"ጾም ነኝ" አለ። "ረቡዕ አይደል ዛሬ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም አያቴ ያስተማሩኝ ገና ፊደል ሳልለይ ነው። በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም አልሁት ጮክ ብዬ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አያቴ ምርቃት ያወርዱልኝ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በኋላ ቀስ ብላ መልሳ ወሰደችው። የጾምን ጊዜ የማያውቅ ሰው መቼም ካድሬ ነው ብዬ ወሰንሁ። እግዚአብሔር የለም የሚል ሰው ለምን ጾም ነኝ ብሎ እንደሚዋሽ አላሰብሁበትም።

ሲወጣ እናቴ እስከ በር ሸኘችው። አንድ ነገር ሊናገር ከንፈሩን ሲያላቅቅ ቀደመችው። ሣጥኑ ደግሞ ካስቸገረን እናስጠራዎታለን አለችና በሩን ዘጋች። አያቴ ግን በትራቸውን አንሥተው ተከተሉት፤ መንገዱ ጥግ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ በአጥር ቀዳዳ አየኋቸው። አያቴ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። አቧራ ነው አሉኝ፤ እኔም አመንኋቸው። እናቴ ከዚያ በኋላ ሰውዬውን ስለ አባቴ አንድም ጊዜ አልጠየቀችውም። ይህን ያስተዋልሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሰነባብቶ አምፖሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደስታዬን አልቻልሁትም፤ ሣጥኑ ከአባቴ ጋር ነው፣ ለሌላ ሰው እጅ አልሰጥ አለ ብዬ ዘለልሁ። እናቴ አንዳርጋቸውን አስጠራችው። በዚህ ጊዜ በደንብ መረመረው። አንድ አምፖል በሁለት ሽቦ አንጠልጥሎ መጀመሪያ ከጀነሬተሩ ጫፍ ሞከረ፤ ጸጥ ብሎ በራ። ሣጥኑ ውስጥ በሚገባበት በኩል ሞከረ፤ በራ። ወደ ቤቱ በሚወጣበት በኩል ሲሞክር ተንቀጠቀጠ። እንግዲህ ጥፋቱ ከሁለቱ መሃል ነው አለ ለራሱ። ፊቱን ወደ ሣጥኑ አስጠግቶ ያችኑ የቀኝ ታች ብሎን በጣቱ ነካት። ላልታለች። አናቷ ላይ አዲስ ጭረት ነበረ፤ የካቻቢቴ ያልሆነ፣ ሰፋ ያለ ጭረት። ዘወር ብሎ እናቴን አያት። እናቴ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ትለቅም ነበር፤ አንዱን ነጠላ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

ብሎኗን ትንሽ ብቻ አዞራትና ክዳኑን ገጠመ። ሌላ ቀን መመለስ ይኖርብኛል አለ። እናቴም አዎ፣ ይመለሱ አለችው።

እንዲህ እያለ ተመላለሰ። አንድ ቀን ሆዴን አሞኛል ይላል፣ አንድ ቀን በልቼ ነው የመጣሁት ይላል፤ ቤታችን እህል ሳይቀምስ ይሄዳል። ጎረቤታችን እትዬ ውዴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ የእናንተ መብራት ደግሞ ወንድ ሲያይ ነው የሚበላሸው እያለች ትስቅ ጀመር። ያልገባኝ ነገር ቢሆንም አሳፈረኝ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከመዝሙር ትምህርት ቀደም ብዬ ስመለስ እናቴን አየኋት። በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ወጥታለች። የሣጥኑ ክዳን ተከፍቷል፣ እጀታው መሃል ላይ ቆሟል። በሽንኩርት መክተፊያው ቢላዋ ጫፍ ያችን ብሎን እየፈታች ነበር። ላብ በግንባሯ ወርዷል፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ወደ ኋላዬ ተመልሼ ሐይቁ ዳር ድረስ ሮጥሁ። ታንኳ ከሚሠራበት ደንገል ዳር ተቀምጬ አያቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ነገርኋቸው፤ እማዬ ያ ሰውዬ እንዲመጣ ብላ ሣጥኑን ታበላሻለች አልኋቸው። አያቴ ከጎኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያየሽውን አላየሽም አሉኝ።

"እሷን አትጠያት" አሉ። "ሌላው ይቅር፣ እሷን አትጠያት ልጄ።"

ጠላኋት እንጂ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ሳልስም ተኛሁ። አባቴ ጦር ሜዳ ላይ እያለ እሷ አንካሳ ካድሬ ወዳለች፤ የነገሩ ሁሉ ትርጉም ለእኔ ይኸው ነበር።

በእኛ አገር ሞት እንዲሁ በአፍ አይነገርም። መርዶ ነው። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ጎረቤቱን ይዞ መጥቶ ነው የሚያረዳው፤ የሰማ ሰው እስከዚያ በሆዱ ይዞት ይኖራል፤ የዚያን ቤት እህል መቅመስም ይከብደዋል። መርዶ ያልተነገራት ሴት ሚስት ናት። አያቴ የመጀመሪያው ረቡዕ ዕለት መንገዱ ጥግ ላይ ሁሉንም ከአንዳርጋቸው ሰምተው ነበር። የትንሣኤን ወራት በለቅሶ አላፈርስም፣ ጰራቅሊጦስ ይለፍ ብለው ዘመድ መጥራቱን አቆዩት። አንዳርጋቸውም እስከዚያ ላይናገር ቃል ገባላቸው። የሚገርመኝ ሦስቱም ያውቁ ነበር፤ አንዱ ሌላው እንደሚያውቅ እያወቀ በአንዲት ብሎን ዙሪያ ይሽከረከሩ ነበር። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጰራቅሊጦስ አለፈና በማግሥቱ ሰኞ የሰኔ ጾም ገባ። ብዙ ሰው የቄስ ጾም ነው ብሎ ያልፈዋል፤ በእኛ ቤት ግን ይጾማል። ከጠዋት ጀምሮ የአያቴ ዘመዶች ከገጠር እየመጡ እትዬ ውዴ ቤት ሲያርፉ አየሁ። እኛ ቤት ለምን እንደማይገቡ ግራ ገባኝ። እናቴም አይታቸዋለች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንዳርጋቸውን አስጠራችው፤ ሽሮ ሠርታ ትሪውን ራሷ አቀረበችለት። እኔ በረንዳው ላይ ከሣጥኑ ሥር ተቀምጬ በተከፈተው በር አያለሁ።

"ዛሬስ ጾሙ እውነት ነው" አለችው። "የጾም ነው የሠራሁት። ይብሉልኝ።"

አንዳርጋቸው እንጀራውን ቆረሰ። ወጡን አጥቅሶ እስከ አፉ አደረሰው። እዚያ ሲደርስ እጁ ቆመ። ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረውና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

"ገብቶኛል" አለች እናቴ። "ከመጀመሪያው ረቡዕ ጀምሮ ገብቶኛል። ጠዋት የሚነግሩኝ ይነግሩኛል፤ እርስዎ አይንገሩኝ። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያችን ብሎን ሳይፈልጉ እንዴት አወቋት?"

ሰውዬው ፊቱን ጠረገ።

"እሱ ነው የነገረኝ" አለ። "ሁልጊዜ ስለዚህ ሣጥን ነበር የሚያስበው። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሳለ አገኘኋት ብሎ ተነሣ። 'እጀታው ወደ ታች ሲወርድ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ እንግዲያው ከጀነሬተሩ የሚመጣው የመመለሻ ሽቦ ነው፣ እሱን የያዘችውን የቀኝዋን የታች ብሎን አላጠበቅኋትም' አለኝ። እንደ ሕፃን ነበር የሳቀው። 'ቀድመኸኝ ባሕር ዳር ከገባህ አንተ አጥብቅልኝ' አለ።"

እናቴ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

"እንግዲያው ያጥብቋት" አለችው። "እሱ እንዳለ ያጥብቋት።"

አንዳርጋቸው ከጎኔ መጥቶ ክዳኑን ፈታ። አዞራት፣ እስክታቃስት አዞራት። ጀነሬተሩ ተነሣ፣ እጀታው ወረደ። አምፖሉ በራ፤ ንቅንቅ አላለም። እናቴ ከሥሩ ቆማ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው፣ ዓይኗን ሳትጨፍን። እኔ ያን ጊዜ ጮኼ አለቀስሁ። ከተባለው ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠው። ከእንግዲህ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። እናቴ ቁጭ ብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችኝና አብራኝ አለቀሰች። የገባኝ መስሏት ነበር። እኔ በተሳሳተ መንገድ ሄጄ ከእሷው ሐዘን ላይ ደርሼ ኖሯል።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እናቴ ምንም እንዳልሰማች ሆና በሯን ከፈተች፤ ሲነግሯትም እንዳዲስ ደረቷን ደቃች። አያቴ እንዳያፍሩባት ይሁን ወይም ለእሷም ሞቱ እውነት የሆነው ገና ያኔ ይሁን፣ አላውቅም። አንዳርጋቸው በተዝካሩ ቀን መጣ። እናቴ አጎረሰችው፤ በላ። ከዚያ በኋላ አላየነውም።

ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ካረጀች በኋላ፣ ሐይቁን በምታይበት በዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጣ። ያየሁትን ነገርኋት፤ ቢላዋውን፣ በርጩማውን፣ የጠረጠርሁትንም። መጀመሪያ እስኪያስላት ሳቀች።

"እኔን ነው አንካሳ ያስወደድሽኝ?" አለች። ከዚያ ሳቋ ቀረ። "ብሎኗ ከጠበቀች ሰውዬው ሥራውን ጨረሰ። ሥራውን ከጨረሰ መናገር አለበት። እኔ ምን ላድርግ? ለጥቂት ቀን እንኳ አባትሽ በሕይወት ይቆይልኝ ብዬ ነው።"

ልጅ ሳለሁ አባቴ ቃሉን ያፈረሰ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። አባቴ ስመለስ አስተካክለዋለሁ አለ፤ እዚያ ሆኖ አስተካከለው። እጁ ብቻ ነው የሌላ ሰው የሆነው። ይህን ማወቄ ናፍቆቱን ያቀልልኛል ብዬ ነበር፤ አላቀለለልኝም። እንዲያውም እዚያ ምሳ እየበላ አገኘኋት ብሎ ሲስቅ ይታየኛል፣ አጠገቡ ሆኜ ያን ሳቅ ባየሁት እላለሁ።

ቤቱ ዛሬ የእኔ ነው። ጀነሬተሩ ተቀይሯል፣ ሣጥኑ ግን ያው ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ባዩት ቁጥር ይህን አውጥተን በራሱ የሚቀይር እንግጠምልሽ ይሉኛል፤ እምቢ እላለሁ። ያችን ብሎን ከአንዳርጋቸው በኋላ የነካት የለም። አምፖሉም ከዚያ ወዲህ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩን አስነሥቼ ወደ በረንዳው እመጣለሁ። ቀዩን እጀታ ይዤ ከላይ አወርደዋለሁ፤ መሃል ላይ ሲደርስ እጄ ይቆማል። ቤቱ ጨለማ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ምንም ነገር ገና አልተነገረም። እናቴ ሚስት ናት፣ አባቴም መንገድ ላይ ነው።

"እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?" ትለኛለች ልጄ ከውስጥ። "አብሪው እንጂ።"

"ቆይ" እላታለሁ። "ትንሽ ብቻ ቆይ።"